ላፕቶፑ ሲጮኽ ምን ይገዛለት? አንቲቫይረስ፣ ራም ወይስ ኤስኤስዲ

በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ይጠይቀኛል። «ላፕቶፔ ምንም ሳልከፍትበት ፋኑ እንደ ጀነሬተር ይጮኻል፣ ስታክ ያደርጋል፣ ምን ልግዛለት?» ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ታላቅ እህቴ 7,100 ብር ይዛ ከቤት ልትወጣ ስትል ደረስኩባት። 4,500 ለራም፣ 2,000 ለአንቲቫይረስ፣ 600 ለፎርማት (ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ለመጫን) ተብላ ነበር። ማሽኑን ከፍቶ ያየላት ሰው ግን አልነበረም።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ከሆነ ኤስኤስዲ (ምንም የማይሽከረከርበት ፈጣን ዲስክ) ግዙ። አንቲቫይረስ አትግዙ። ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) የሚገዛው ማሽኑ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

መጠየቁን የምታውቁት በነፃ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ)፣ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉትን ዓምዶች ለአምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ሜሞሪው ሁልጊዜ 85 ወይም 90 ፐርሰንት ላይ ከሆነ ራሙ አንሷል ማለት ነው። ዲስኩ 100 ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ግን 16 ጊጋ ራም ብትጨምሩለትም ብዙ ለውጥ አታዩም። ከፍ ያለው ሲፒዩው ከሆነ ዓምዱን ተጫኑትና ከላይ የሚመጣውን ስም አንብቡ። «ሰርቪስ ሆስት» ካለ ጎኑ ያለችውን ቀስት ክፈቷት፤ ውስጡ የተቀመጠው አገልግሎት ይታያል። ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ አፕዴት ነው። እኛ ሳምንት ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ቆይተን አንድ ቀን ዋይፋይ ስናገኝ የተጠራቀመው ሁሉ አንዴ ይወርድበታል። ቻርጀሩን ሰክታችሁ አንድ ሌሊት ተዉት፣ ይጨርሳል። ፎርማት ካስደረጋችሁ በኋላም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ ፋይሎቻችሁን እንደ አዲስ ሲመዘግብ ለሰዓታት ይሠራል። በማግስቱ «አልተስተካከለም» ብላችሁ ሌላ 600 ብር ይዛችሁ አትመለሱ።

አንቲቫይረስን ለምን እንደምቃወም ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ በ300 ብር ክራክ የሆነ (ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ) አንቲቫይረስ አስጫንኩ። ኦርጂናሉ በዓመት 2,000 ብር ነው ሲሉኝ 300 ብሩ ርካሽ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋኑ እረፍት አጣ። የሚገርመው፣ ታስክ ማናጀር ስከፍት ወዲያው ጸጥ ይላል። ስዘጋው ደግሞ አስር ሴኮንድ ሳይሞላ ይጀምራል። ይህን ምልክት ያዙልኝ። ከክራኩ ጋር የገባው በኔ ማሽንና በኔ መብራት ለሌላ ሰው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍር ፕሮግራም ነበር። ስታዩት ይደበቃል። ሁለት ወር ሙሉ ሲያቃጥለኝ ከረመ።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር የሚባለው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ አብሮ ይመጣል፣ ዋጋው ዜሮ ነው። «አንቲማልዌር ሰርቪስ» በሚል ስም ሲፒዩ ሲበላ ታዩት ይሆናል፤ ፍተሻውን ሲጨርስ ግን ይረጋጋል። የሚከፈልበትን ብትገዙ ለሦስት ዓመት 6,000 ብር ነው። በዚህ ብር ጥሩ ኤስኤስዲ ገዝታችሁ ይተርፋችኋል።

ክራክ ዊንዶውስም ከዚሁ አይለይም። ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ዊንዶውስ ከፋብሪካ ተጭኖላቸው የተሸጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ፈቃዱ ማዘርቦርዳቸው (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተቀምጧል። ከማይክሮሶፍት በነፃ አውርዳችሁ ያንኑ ዓይነት፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ስትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ግን ሳይጠይቁ ፕሮ የሚባለውን ዓይነት ይጭኑና በክራክ ይከፍቱታል። ከዚያ ገንዘብ ያስከፍሏችኋል። ሲጭኑላችሁ አጠገባቸው ቁሙ።

ወደ ኤስኤስዲው ልምጣ። የድሮው ሀርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፤ ሳታ የሚባለው ተራው ኤስኤስዲ 500 ይደርሳል። ትልቁ ልዩነት ግን ትናንሽ ፋይሎች ላይ ነው። አፕዴቱ፣ ፍተሻውና ምዝገባው በአብዛኛው የሚሠሩት በትናንሽ ፋይል ነው። ሀርድ ዲስክ ላይ ተራ ሲጠብቁ ቀኑን ሙሉ ይጎትቱታል። ኤስኤስዲ ላይ ቶሎ ጨርሰው ዝም ይላሉ።

ችግሩ ፌኩ ነው። እኔ «1 ቴራ» የተጻፈበትን በ3,000 ብር ገዛሁ። 240 ጊጋው ኦርጂናል 4,200 በሚሸጥበት ጊዜ ነው እንግዲህ። 60 ጊጋ ያህል ከሞላ በኋላ የሰው የሠርግ ቪዲዮዎች አልከፈት አሉኝ። ቀፎውን ፈትቼ ሳየው ውስጡ የስልክ ሜሞሪ ካርድ የተሰካበት ትንሽ ቦርድ ነው። ሻጩ ጋር ስመለስ «ዋስትና አልሰጠሁህም» አለኝ። የቪዲዮው ባለቤቶች ፊት የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም። እና 240 ወይም 256 ጊጋ፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ደረሰኝ ያለው ግዙ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክታችሁ ክፈቱት። ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጽፋል። አዲስ ተብሎ 9,000 ሰዓት የሠራ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፦ አቧራ። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ ትንሹም ሥራ ትልቅ ጭነት ይሆንበታል። አራት ዓመት ተፈቶ ያልተጠረገ ላፕቶፕ ፋኑ ሥር ብርድ ልብስ የሚያህል አቧራ ይዞ፣ የሲፒዩውን ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስትም ደርቆ ታገኙታላችሁ። ማስጠረጊያው ከነፔስቱ 800 ብር ነው።

የእህቴን ማሽን ስከፍተው ሜሞሪው 52 ፐርሰንት፣ ዲስኩ 100 ነበር። ኤስኤስዲ በ4,200 ገዛን፣ በ800 አስጠረግነው። ዊንዶውሱን ማታ እኔ ጫንኩላት። የተረፈውን 2,100 ብር በማግስቱ ለልጇ ጫማ ገዛችበት።