«1 ቴራ» ብለው 64 ጊጋ ነው የሚሸጡላችሁ፦ ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩዋችሁን ሙከራ አትመኑ

ወገን፣ ፎርጅድ ኤስኤስዲ (ኮምፒውተር ዳታ የሚያስቀምጥበት፣ የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ተሽጦልኛል፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደ «ይሁን እንግዲህ» ብዬ እተወዋለሁ፣ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ሱቅ፣ መስታወቱ ላይ የተደረደረ ፍላሽና ቻርጀር፣ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ። «1 ቴራው ኦሪጅናል የዱባይ ነው፣ ትናንት በሻንጣ የገባ።» ዋጋው ከጎረቤት ሱቅ በግማሽ ያንሳል። ለምን ስትሉ «ቀረጥ ስላልነካው ነው» ትባላላችሁ። ፊታችሁ ላይ ጥርጣሬ ካየ ደግሞ ራሱ ይቀድማችኋል፦ «ካላመንክ እዚሁ ልሞክርልህ።» የምንበላው እዚህች ጋ ነው።

ሙከራው የትም ሱቅ ብትሄዱ አንድ ነው። ኤስኤስዲውን ይሰካና ፕሮፐርቲስ ከፍቶ 931 ጊጋ ያሳያል። በነገራችን ላይ 931 መሆኑ ራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ፋብሪካው በ1,000 እየቆጠረ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚያካፍል ነው። 512 የተባለው 476፣ 240 የተባለው 223 ሆኖ ይታያል፤ በዚህ ከማንም ጋር አትጣሉ። ቀጥሎ የ2 ጊጋ ፊልም ኮፒ ያደርጋል። አረንጓዴው ግራፍ ሽቅብ ይወጣል፣ በሰከንድ 400 ምናምን ሜጋባይት ይላል፣ ዓይናችሁን ሳትመልሱ ያልቃል። በመጨረሻ ክሪስታል ዲስክ ማርክ የሚባለውን ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ያስነሳል፦ ማንበብ 530፣ መጻፍ 480። ሳታ በሚባለው የተለመደ መስመር የሚሰካ ኤስኤስዲ ጣሪያው 550 አካባቢ ስለሆነ ቁጥሩ ያሳምናል። ብር ትቆጥራላችሁ።

ሦስቱም ፎርጅዱ ያለ ላብ የሚያልፋቸው ፈተናዎች ናቸው።

931 ጊጋ የሚለውን ቁጥር ዊንዶውስ ለክቶ ያገኘው አይደለም። የኤስኤስዲው ኮንትሮለር (ዲስኩን የሚመራው ቺፕ) «ስንት ነህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ነው። ፈርምዌሩ ላይ፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ባለው ፕሮግራም ላይ፣ «1 ቴራ ነኝ በል» ተብሎ ከተጻፈ ባዮስም፣ ዊንዶውስም፣ የዲስኩን መረጃ የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎም ቃሉን ተቀብለው ያሳያሉ። ፈጣኑ ፎርማትም አይነቃበትም፤ እሱ ጥቂት ሠንጠረዦች ጽፎ ነው የሚወጣው።

የፊልሙ ኮፒ ደግሞ ግማሹ የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ሥራ ነው። ዊንዶውስ ፋይሉን መጀመሪያ ራም ላይ ያሳርፍና ቀስ ብሎ ወደ ዲስኩ ያወርደዋል፤ ግራፉ ላይ የምታዩት ፍጥነት የሱቁ ኮምፒውተር ራም ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ጋ የደረሰውም ቢሆን የሚያርፈው ኤስኤልሲ ካሽ በሚሉት ክፍል ነው። ርካሽ ኤስኤስዲ ሴሎቹ ሦስት ወይም አራት ቢት እንዲይዙ ነው የተሠራው፤ ቲኤልሲና ኪውኤልሲ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ባዶ በሆነበት ሰዓት ግን የተወሰኑትን ሴሎች አንድ አንድ ቢት ብቻ እያስያዘ ስለሚጠቀምባቸው ይፈጥናል። ያ ክፍል ሲሞላ ነው እውነተኛው ማንነቱ የሚወጣው፣ 2 ጊጋ ፊልም ደግሞ እዚያ አያደርስም። ክሪስታል ዲስክ ማርክም ሳይነካካ ሲከፈት የሚፈትነው በ1 ጊጋ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍጥነት እንጂ እውነት አይለካም፦ የጻፈው ነገር በትክክል መቀመጡን አያመሳክርም።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ቆሜ አየሁ፣ እያወቅሁ ከፈልኩ። ስለ ሞኝነቴ ከዚህ በላይ አልናገርም።

እውነቱን የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ። ለዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል፣ ከጀርመኑ ሲቲ መጽሔት የወጣ ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ። በ1 ጊጋ በ1 ጊጋ ፋይሎች ይሞላውና እያንዳንዱን መልሶ አንብቦ ያመሳክራል። ሊኑክስ ላይ ኤፍ ስሪ ያንኑ ይሠራል። ዲስኩ ባዶ መሆን አለበት፤ ግማሹን ብቻ ከሞላችሁ ግማሽ እውነት ነው የምታገኙት።

የኔው እንዲህ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ 14 ጊጋዎች በ430 ሜጋባይት። ከዚያ በአንድ ጊዜ 45። እዚህ ድረስ «ርካሽ ነው፣ ካሹ አለቀ» ብላችሁ ልትሸከሙት ትችላላችሁ። 58 ጊጋ አካባቢ በውስጡ ያለው ሜሞሪ አለቀ (64 የተባለው በዊንዶውስ ቆጠራ ከ60 በታች ነው)። እና ምን ሆነ? ምንም! አልቆመም፣ «ቦታ የለም» አላለም፣ አንዲት የስህተት መልእክት አላወጣም። 59፣ 60፣ 100፣ 500 እያለ «ተቀብያለሁ፣ ተቀብያለሁ» ማለቱን ቀጠለ። ያደረ ክህደት ማለት ይህ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በላይ የሌለ ቦታ ላይ እየጻፈ አደረ። ጠዋት ማመሳከሩ ሲያልቅ ውጤቱ፦ 58.4 ጊጋ ደህና፣ 872.6 ጊጋ የጠፋ።

ይህ በቤት ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ዊንዶውስና ኦፊስ ስትጭኑበት 58 ጊጋ ስለማይሞሉ ለወራት አንደኛ ነው። አንድ ቀን የሠርግ ፎቶ ታስገቡበታላችሁ። የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑም በትክክል ይነበባል፣ ስትከፍቱት ግማሹ ግራጫ ነው ወይም ጭራሽ አይከፈትም። አዲሱ ዳታ ዞሮ በአሮጌው ላይ የሚጻፍበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ የፋይል ሠንጠረዡን ራሱን ይበላውና «ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚለው ይመጣል። ያን ቀን «ቫይረስ ነው» ትባላላችሁ።

እኔም ተባልኩ። የውጤቱን ፎቶ ይዤ ስመለስ ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ወንድሜ፣ ፎርማት አድርገው» አለ። አድርጌዋለሁ ስለው ሰካውና ያንኑ ፕሮፐርቲስ ከፈተ፦ «ይኸው 931። ምኑ ነው የጎደለው?» የማመሳከሪያውን ቁጥር ሳሳየው «ይሄ ፕሮግራምህ ነው ያበላሸው» ብሎ አጠገቡ ወዳለው ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ኤስኤስዲ 1» ብቻ ነው። ሞዴል የለ፣ ሲሪያል የለ፣ መጠን የለ። እሱ ሲጽፈው እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ከፈትኩት። ውስጡ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦርድ አለች። በዚህ ብቻ አትፍረዱ፤ የእውነተኞቹም ርካሽ ሳታ ኤስኤስዲዎች ቦርድ ትንሽ ነው፣ ቀፎውም ባዶ ነው፣ ክብደትም ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ሜሞሪ ቺፑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሸካራ ነገር ተፍቆ መጥፋቱ ነው። ደህና ፋብሪካ የገዛ ቺፑን ስም የሚፍቅበት ምክንያት የለውም።

አሁን ደግሞ ፍትሐዊ እንሁን፤ ዘገምተኛ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። ሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ ባለ 1 ቴራው ካሹ ሲያልቅ መጻፉ ወደ 80 ሜጋባይት እንደሚወርድ ፋብሪካው ራሱ ይናገራል። ክሩሻል ፒ2 በ2020 ሲወጣ ቲኤልሲ ነበር፣ በ2021 በዚያው ስም ኪውኤልሲ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የራሳችሁ ኮምፒውተርም ሊሆን ይችላል፦ ሳታ 2 ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከ280 አካባቢ አያልፍም፣ ዩኤስቢ 2.0 መያዣ (ኤስኤስዲውን በዩኤስቢ የሚያገናኘው ሳጥን) 40 ላይ ያንቃችኋል፣ ፒሲአይ 3.0 ያለው ማዘርቦርድ ማንኛውንም ኤንቪኤምኢ (በፒሲአይ መስመር የሚሄደውን፣ ከሳታ የሚፈጥነውን ኤስኤስዲ) 3,500 አካባቢ ላይ ይገድበዋል። ለእለት ተዕለት ሥራ ደግሞ ሻጩ የሚያሳያችሁን የላይኛውን ትልቅ ቁጥር ሳይሆን ክሪስታል ዲስክ ማርክ ላይ ከታች ያለችውን፣ ባለ 4 ኪሎባይቷን ባለ አንድ ወረፋ መስመር እዩ። ዊንዶውስ ቶሎ መነሳቱን የምትነግራችሁ እሷ ናት። ደህና ሳታ ኤስኤስዲ እዚያ ላይ ሲያነብ ከ25 እስከ 40 ሜጋባይት ይሰጣል፤ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ 1 እንኳ አይሞላም። 8 ወይም 10 ካያችሁ ጠርጥሩ።

ኤም ዶት ቱ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ቀጭኑን ኤስኤስዲ) የምትገዙ ከሆነ ሌላም ሸወዳ አለ፦ ሳታውን «ኤንቪኤምኢ ነው» ብሎ መሸጥ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ 22 በ80 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ተመሳሳይ ይመስላሉ። የጥርሱን ቁርጥ መቁጠር ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ሰክታችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ኢንተርፌስ የሚለውን አንብቡ፣ ሲሪያል ኤቲኤ ካለ ሳታ ነው። እዚያው ገጽ ላይ «አዲስ» የተባለው ዕቃ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ጊጋ እንደተጻፈበትም ይታያል። ዜሮ መሆኑ ግን ንጽሕና አይደለም፤ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልስ መሣሪያ በእጃቸው አለ። ተለጣፊው ሳምሰንግ የሚል ከሆነ ሳምሰንግ ማጂሺያን የሚባለውን የራሱን የሳምሰንግን ፕሮግራም ጫኑ፤ ፎርጅዱን ብዙውን ጊዜ እንደ ራሱ ዕቃ አይቀበለውም።

ምክር ካላችሁኝ፦ ሱቅ ቆማችሁ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ስለማትችሉ ቫሊድራይቭ የሚባለውን መፈተኛ ፕሮግራም ላፕቶፓችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ኤስኤስዲውን በዩኤስቢ መያዣ ስትሰኩት 576 ቦታዎች ላይ ጽፎ እያነበበ በጥቂት ደቂቃ ባዶውን ቦታ ያጋልጣል፤ የሚሠራው በዩኤስቢ ብቻ ስለሆነ መያዣውን አትርሱ። ደረሰኙ ላይ ሞዴል፣ ሲሪያልና መጠን ይጻፍ፤ «ተሞልቶ ሲፈተን ዳታ ካጠፋ ገንዘብ ይመለሳል» የምትል አንድ መስመርም ትጨመር። አልጽፍም ካለ ውጡ። ቤት ስትገቡ በዚያው ቀን ሙሉውን ሙላት አድርጉ፤ ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ መብራት መሀል ላይ ሄዶ እንዳያስጀምራችሁ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ይሻላል፣ ስሊፑንም አጥፉት።

ፎርጅዱ ላይ ዳታ አስገብታችሁ ከሆነ ከአሁን በኋላ አንዲት ፋይል አትጨምሩበት። ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና ስሙን አይታችሁ ሳይሆን አንድ በአንድ ከፍታችሁ አረጋግጡ፤ መጀመሪያ ያስገባችኋቸው የመትረፍ ዕድል ስላላቸው ከአሮጌዎቹ ጀምሩ።