አንድ ኪቦርድ ለሁለት ኮምፒውተር፦ በደብረ ብርሃን የስምንት ወር ልምድ

ደብረ ብርሃን ባለችው ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የብዙ ዓመት ውሎችና ማመልከቻዎች ስላሉበት ልተወው አልቻልኩም፤ እነዚያ ሰነዶች ፎንታቸው በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ሆነው ነው የሚታዩት። ሁለተኛው ለአዲስ ሥራ የምጠቀምበት ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑን የገዛሁት ያገለገለ ስለነበር ውሎ አድሮ የተወሰኑ ቁልፎቹ መሥራት አቆሙ፤ ከእነርሱም አንዱ የላቲኑ «ኤ» (A) ቁልፍ ነበር። አማርኛን በድምፅ አጻጻፍ ለሚጽፍ ሰው ይህ ቁልፍ ሞተ ማለት ራብዕ በሙሉ ሞተ ማለት ነው፤ ባ፣ ላ፣ ታ፣ ና የሌሉበት ማመልከቻ ደግሞ ሊጻፍ አይችልም።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት ኪቦርድ ማስቀመጥ የደንበኛን ወረቀት ማኖሪያ ቦታ ያሳጣ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ወርጄ ሳለ ከመርካቶ አንድ የዩኤስቢ ማቀያየሪያ ገዛሁ። ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው። በፊቱ አራት የዩኤስቢ ማስገቢያዎች፣ በጀርባው ወደ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚሄዱ ሁለት ገመዶች፣ በአናቱ አንድ መጫኛና ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉት። መጫኛውን ሲጫኑት መብራቱ ከ1 ወደ 2 ይሻገራል፤ ኪቦርዱና ማውሱም አብረውት ይሻገራሉ። የሚጫን ፕሮግራም የለውም፣ የራሱ የኃይል ገመድም አይፈልግም፤ የሚበቃውን ከኮምፒውተሩ ይወስዳል። ዊንዶውስ 7ም ሆነ አዲሱ ዊንዶውስ የሚያዩት ተራ ኪቦርድ ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት የሞከርኩት በፕሮግራም የሚሠራውን መንገድ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2011 ያወጣው ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ እስከ አራት ኮምፒውተሮችን በአንድ ኪቦርድና ማውስ ያስተሳስራል፤ ማውሱን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ሲገፉት ወደ ሌላው ኮምፒውተር ይሻገራል። ከአንዱ ኮምፒውተር የቀዱትን ጽሑፍ በሌላው ላይ መለጠፍ መቻሉ ደግሞ እጅግ ግሩም ነገር ነው፤ ሳጥኑ ይህን ስለማያደርግ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ይሁን እንጂ በፕሮግራም የሚሠራ ማጋሪያ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ኪቦርዱ የተሰካበት ኮምፒውተር ሁልጊዜ በርቶ መቆየት አለበት፣ ሁለቱንም የሚያገናኝ ኔትወርክ መኖር አለበት። የእኔ ኪቦርድ የተሰካው ዴስክቶፑ ላይ ነበር። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑም ራውተሩም አብረው ስለሚጠፉ፣ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ በርቶ እያለ የምጽፍበት ኪቦርድ አጣ ነበር።

አማርኛውም ያስቸግረኝ ነበር። ኪቦርድ ስለ ፊደል የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚልከው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ የሚናገር ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥሩን ወደ «በ» ወይም ወደ «ቡ» የሚለውጠው በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የአማርኛ መጻፊያ ነው። በፕሮግራም ሳጋራ ዴስክቶፑ ላይ ያለው የአማርኛ መጻፊያ በርቶ ከቀረ፣ ወደ ላፕቶፑ መሄድ የነበረበትን ቁልፍ መንገድ ላይ እየጠለፈ ያበላሽብኝ ነበርና ከመሻገሬ በፊት እየተመለስኩ አጠፋው ነበር። በሳጥኑ ግን ቁጥሩ በቀጥታ ወደሚጻፍበት ኮምፒውተር ስለሚደርስ፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ መጻፊያ ይለውጠዋል፤ በስምንት ወር ውስጥ በዚህ በኩል አንድም ጊዜ አላስቸገረኝም።

ብሉቱዝ ኪቦርድም ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬ ነበር፤ አሮጌው ዴስክቶፕ ብሉቱዝ ስለሌለው ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ሳጥኑ ጉድለት ልምጣ፤ ትንሽ ይመስላልና ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ሥራ ላይ ነው ያየሁት። መጫኛው ሲነካ ኪቦርዱ ከአንዱ ኮምፒውተር ተነቅሎ ሌላው ላይ እንደ አዲስ የተሰካ ያህል ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ እስኪያውቀው ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ያልፋል፣ በዚያ መሐል የተነኩ ቁልፎች የትም አይደርሱም። ታኅሣሥ ውስጥ የቤት ኪራይ ውል እየጻፍኩ ሳለ አሮጌውን ናሙና ከዴስክቶፑ ላይ አይቼ ወደ ላፕቶፑ ተሻገርኩና ጣቶቼ ሳይጠብቁ «ተከራይ» ብለው ጻፉ። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ከራይ» ነበር። ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ «አከራይ» የሚለውም በተመሳሳይ ምክንያት «ከራይ» ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው ፊደል ሲወድቅ አከራይና ተከራይ አንድ ቃል ይሆናሉ፤ በውል ሰነድ ላይ ደግሞ ግዴታውን ሁሉ የሚለየው ያ አንድ ፊደል ነው። ከመታተሙ በፊት ስላየሁት አረምኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተሻገርኩ በኋላ የመጀመሪያው ቁልፌ ሁልጊዜ የክፍተት መምቻው ነው፤ ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ ካየሁ በኋላ ብቻ መጻፍ እጀምራለሁ።

የኪቦርዱ የቁጥር መቆለፊያም (ነም ሎክ) በአንዱ ኮምፒውተር በርቶ በሌላው ጠፍቶ ስለሚገኝ፣ የገንዘብ መጠን ከመጻፌ በፊት መብራቱን አያለሁ።

የሳጥኑን ዋጋ በትክክል ያወቅሁት በመጋቢት ነው። አንድ አዛውንት ከአንጎለላ በኩል መጥተው የመሬት ጉዳይ ማመልከቻ እያጻፉ ሳሉ መብራት ጠፋ። «ልጄ፣ ከሰዓት የምሳፈርበት መኪና አለ» አሉኝ። «አይዞዎት አባባ፣ ጽሑፉ አይቆምም» አልኳቸውና መጫኛውን ነካሁ። ዴስክቶፑ ቢጠፋም ሳጥኑ ኃይሉን ከላፕቶፑ ባትሪ ስለወሰደ ኪቦርዱ ወዲያው ነቃ፤ ሳይቀመጥ የጠፋውን ጅማሬ አዛውንቱ ደግመው እየነገሩኝ ከላይ ጀምሬ ጻፍኩት። ፕሪንተሩ ያለ መብራት ስለማይሠራ ማተም አልቻልኩም፤ ነገር ግን መብራቱ ሲመለስ የቀረኝ ሥራ ማተም ብቻ ስለነበር ከመኪናቸው ቀድመው ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ።

መብራት ሲመለስ አሮጌው ዴስክቶፕ የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ። መጫኛው ወደ ላፕቶፑ በዞረበት ሁኔታ ዴስክቶፑን ካበራሁት፣ ኪቦርድ ስላላገኘ ገና ዊንዶውስ ሳይጀምር ይቆምና ኤፍ 1ን እንድጫን ይጠይቀኛል። ስለዚህ ከማብራቴ በፊት መጫኛውን ወደ 1 እመልሳለሁ።

አራቱ ማስገቢያዎች ለፍላሽም እንዲያገለግሉ ማድረጌ ግን ስሕተት ነበር። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍላሽ ወደ ላፕቶፑ እየተቀዳ ሳለ ሌላ ደንበኛ መጣና ሳላስብ መጫኛውን ነካሁት፤ ፍላሹ በሥራ ላይ እያለ እንደመንቀል ነውና ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ቀረ። እንደ ዕድል ተማሪው ሌላ ቅጂ በኢሜይሉ ነበረው። አሁን በሳጥኑ ላይ ያሉት ኪቦርድ፣ ማውስና ፕሪንተር ብቻ ናቸው፤ ፕሪንተሩም እያተመ ሳለ መጫኛው አይነካም፣ ፍላሽ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ይሰካል።

ከአምስት ወር በኋላ የአንደኛው ገመድ ጫፍ መላላት ጀመረ። ኪቦርዱ በድንገት እየጠፋ ሲመለስ በመጀመሪያ ሳጥኑ የተበላሸ መስሎኝ አዘንኩ፤ ገመዱን በጣት ስነካው ሲቋረጥ ካየሁ በኋላ ግን ለውጬው አሁን ደህና ነው። ሊገዙ ለሚያስቡ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ገመዶቹ ከሳጥኑ ጋር የተጣበቁ ሳይሆኑ የሚነቀሉ መሆናቸውን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ተመልከቱ፤ የተጣበቀ ከሆነ ገመዱ ሲሞት ሳጥኑም አብሮ ይጣላል። ኪቦርዳችሁንም ይዛችሁ ሂዱና ባለሱቁ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ደጋግሞ እያሻገረ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።