ሜጓየርስ 105፣ ሜጓየርስ 205 እና ኮሊናይት 845፦ ለጥቁር መኪና በደብረ ብርሃን ክረምትና ውርጭ

ፍርዱን እናስቀድመው፦ ከእነዚህ ሦስት ጠርሙሶች ሁለቱን ግዙ፣ አንዱን ተዉት። ሜጓየርስ 205 ፖሊሽ (ስስ ጭረት የሚያነሳው) እና ኮሊናይት 845 ዋክስ (ቀለሙን የሚከላከለው ሰም) ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ሸኖ ወይም መሐል ሜዳ ለሚያድር ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ መኪና በቂ ናቸው። ሜጓየርስ 105 ኮምፓውንድ ደግሞ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን አብዛኛው ባለመኪና አያስፈልገውም፣ ለጀማሪ እጅም አይመችም።

ፀሐይ ወይም የመንገድ መብራት ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ዙሪያውን የሸረሪት ድር መስሎ የሚታየው ነገር በእውነቱ ክብ ጭረት አይደለም። በየአቅጣጫው የተሰመሩ እጅግ ብዙ ስስ ጭረቶች ናቸው፤ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሱት መብራቱን ከበው የተጋደሙት ብቻ ስለሆኑ ክብ መስለው ይታያሉ። ነጭ መኪናም እኩል ተጭሯል፤ ነጩ ይደብቃል፣ ጥቁሩ ያጋልጣል እንጂ። ጭረቱ ያለው ከቀለሙ በላይ በተቀባው ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባው ግልጽ ሽፋን ላይ ነው። የፋብሪካ ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ውፍረት አለው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ፖሊሽ ማድረግ ጭረቱን መሙላት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ማሳነስ ነው፤ የተላጠው ክሊር ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ጥፍር ሲሳብበት የሚይዝ ጭረት ለፖሊሽ በጣም ጥልቅ ነውና ጠርዙን አለስልሳችሁ ተዉት።

ጥፋቱን አስፋልቱ ላይ የሚጥሉ ብዙ ናቸው። ስስ ጭረት ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከማጠቢያው ነው። ላቫጆ ውስጥ ጎማና ቸርኬ ያሸው ስፖንጅ ያንኑ ባልዲ ነክሮ ኮፈኑ ላይ ይወጣል። ወንዝ ዳር የሚታጠብ መኪና ከሆነ ደግሞ ጨርቁ ራሱ አሸዋ የጠጣ ነው። በበጋ በደረቅ ጨርቅ አቧራ ማራገፍ፣ አቧራ በለበሰ መኪና ላይ ሸራ ደርቦ በደብረ ብርሃን ነፋስ እንዲርገበገብ መተው፣ ሁለቱም በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ከማሸት አይለዩም።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ። 105 በጣም የሚቆርጥ፣ ማለትም ክሊሩን አብዝቶ የሚልጥ ኮምፓውንድ ነው፤ የተሠራው በብርጭቆ ወረቀት የተሳለ ቀለም ላይ የቀረውን ምልክት ለማንሳት ነው። በውስጡ ያለው የሚያሽ ብናኝ እንደ ድሮ ኮምፓውንድ እየታሸ የሚደቅ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው መቁረጡን ይቀጥላል። ችግሩ ቶሎ መድረቁ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የደጋ ደረቅ አየር ፓዱ (ማሽኑ ላይ የሚታሰረው ማሻ ስፖንጅ) አንድ ሁለት ጊዜ እንደተመላለሰ ነጭ ዱቄት ይሆንና መጥረጉ ራሱ አዲስ ጭረት ያመጣል። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር እየከፈላችሁ፣ ፓዱ ላይ አንድ ጊዜ ውሃ እፍ አድርጋችሁ ብትሠሩ ይሻሻላል። የጎማ ወይም የጥቁር ፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ከደረቀ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በቴፕ ሳይሸፈን አይጀመርም። ደግሞም ለስላሳ ጥቁር ቀለም ላይ 105 ራሱ ጭጋግ ትቶ ስለሚሄድ ከኋላው 205 ማድረግ ግድ ነው። እንደ ጀርመን መኪኖች ክሊሩ ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም ቦታው በ2000 እና በ3000 ቁጥር ወረቀት ተስሎ ከሆነ ቦታ አለው። ኮሮላ፣ ቪትዝና ያሪስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዝንብን በመዶሻ ነው።

205 የተለየ ጠባይ አለው። ረጅም ጊዜ ሳይደርቅ ይሠራል፣ ብናኝ አይበትንም፣ በቀላሉ ይጠረጋል። የመቁረጥ ኃይሉ በፓዱ ይወሰናል፦ በመካከለኛ ስፖንጅ ፓድ የላቫጆ ጭረትን ያነሳል፣ በለስላሳ ፓድ ደግሞ ጥቁሩን እንደ መስተዋት ያጠራል። የፓድ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ሻጩን «ቢጫውን ስጠኝ» ከማለት ጥንካሬውን መጠየቅ ይሻላል። 236 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ትንሹ ጠርሙስ ለአንድ የቤት መኪና በቅቶ ይተርፋል፤ ትልቁ 946 ሚሊ ሊትር ለጋራዥ ነው።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ጠንከር ብለን እንናገር። በብዙ ጋራዦች ፖሊሽ የሚደረገው ብረት መቁረጫው ሞላ ላይ የበግ ፀጉር ፓድ ታስሮ ነው። ትንሽ ሞላ በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ በአንድ ቦታ ብቻ የሚሽከረከር የፖሊሽ ማሽን ግን የሚሠራው ከ1,000 እስከ 1,500 ባለው ነው። በሞላ የተሠራ ጥቁር መኪና ከጋራዡ ሲወጣ ያብረቀርቃል፤ በማግስቱ ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን ፓዱ የሄደበት መንገድ ሁሉ እየተጠማዘዘ ይታያል። በኮፈኑ ጠርዝና በበሩ መስመር ላይ ደግሞ ክሊሩ ከመቅጽበት ይቃጠላል፤ ለዚህ ከድጋሚ ቅብ በቀር መድኃኒት የለውም። የሚያስፈልገው እየዞረ በጎንም የሚወዛወዝ ማሽን ነው፤ 125 ሚሊ ሜትር የፓድ መያዣ (ፓዱ የሚለጠፍበት ክብ ሳህን) እና ከ1 እስከ 6 የፍጥነት ቁጥር ያለው ይበቃል። ከውጭ ከዘመድ የተላከ ከሆነ 220 ቮልት መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ 110 ቮልቱ እኛ ጋ ይቃጠላል። በረጅም ቀጭን ገመድ ከተጎተተም ኃይል አጥቶ መዞሩን ያቆማል።

ከፖሊሹ በፊት ቀለሙ በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ ማለት አለበት። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ፍሬን ሲይዝ የሚበተነው የጋለ የብረት ብናኝ ከጎማው ኋላ ባለው ፓራፋንጎና በበሮቹ ታችኛ ክፍል ላይ ይተከላል። ተራ ሳሙና አያነሳውም። የብረት ብናኝ ማሟሚያ ፈሳሽ ይረጫል፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሲቀየር ሥራውን እየሠራ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ሳይደርቅ በውሃ ይታጠባል። የቀረውን በመኪና ጭቃ፣ ማለትም እንደ ሊጥ በሚለወሰው ማጽጃ፣ ሻምፑ በተቀላቀለበት ውሃ እያረጠባችሁ ሳትጫኑ አንሸራትቱ። 100 ግራሙን ለሦስት ቁረጡት፤ መሬት የወደቀ ቁራጭ ጠጠር ስለሚይዝ ይጣላል። በብርድ ሲደድር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል።

ሥራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይጀመር፤ ላሜራው ገና በረዶ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይም አይሆንም። ጥላ ውስጥ ኮፈኑ ላይ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር በቴፕ ከልሉና በጣም ገራሙን ሙከራ አስቀድሙ፦ 205 በለስላሳ ፓድ። ካልበቃ 205 በመካከለኛ ፓድ። ያም ካልበቃ ብቻ ስለ 105 አስቡ። ፓዱ ላይ አተር የሚያህሉ አራት ጠብታዎች በቂ ናቸው። በፍጥነት 1 አዳርሳችሁ 4 ወይም 5 ላይ አድርጉ፤ ማሽኑ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሂድ፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይደርብ፣ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይመላለስ። የፓድ መያዣው ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ፦ ስትሠሩ መስመሩ ሲዞር ካልታያችሁ በጣም ተጭናችኋል፤ ፓዱ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይቆርጥም። በየክፍሉ ፓዱን በብሩሽ አራግፉ፤ ለአንድ መኪና አራት ወይም አምስት ፓድ ያስፈልጋል። በአንድ ፓድ እጨርሳለሁ ያለ ሰው ከግማሽ በኋላ የሚያሸው በራሱ ቆሻሻ ነው።

ፓዱ ጥቁር ሆኖ ከወጣ ቀለሙ ክሊር የለውም ማለት ነው፤ የምታነሱት ቀለሙን ራሱን ነው። አንዳንድ አሮጌ የቶዮታ ቀለሞችና ብዙ የጋራዥ ቅቦች እንዲህ ናቸው። እዚያ ላይ 205 በለስላሳ ፓድ ሁለት ሦስት ምልልስ፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ከተቀባ ሁለት ወር ያልሞላው መኪና ላይ ደግሞ ዋክሱ ይቆይ፤ ከቀለሙ ውስጥ ገና እየተነነ ያለውን ማሟሚያ ያፍነዋል።

ጭረቱ መጥፋቱን ዓይን ብቻ አያረጋግጥም፤ በፖሊሹ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረት ይሸፍናልና። ከመድኃኒት ቤት 70 በመቶ አልኮል ገዝታችሁ አንዱን እጅ በሦስት እጅ ውሃ በርዙና በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ በስልክ መብራት አግድም ተመልከቱ። ጋራዥ ለሚያሠራ ሰውም ይህ ሙከራ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚደረግ ነው።

አሁን መከላከያው። በውጭ አገር ስለ ክረምት ዋክስ የሚጻፈው አብዛኛው በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ስለሚበተን ጨው ነው። እኛ ጋ ጨው የለም፤ ጭቃ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ፀሐይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ነው ብሎ ፀሐይዋን የሚንቅ ሰው የጣሪያው ክሊር ሲላላጥ ያየዋል።

845 የካርናውባ ሰምና ሰው ሠራሽ ፖሊመር ድብልቅ ነው፤ በመጀመሪያ የታሰበው ለመብራት ኃይል መስመር ኢንሱሌተሮች ስለነበር ነው ስሙም «ኢንሱሌተር ዋክስ» የተባለው። 473 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ በጣም ብዙ ነው፤ ለአንድ መኪና 30 ሚሊ ሊትር አይሞላም። ደጋ ላይ አንድ ጠባይ አለው፦ በብርድ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ክዳኑን አጥብቃችሁ ለብ ባለ (ባልፈላ) ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አስቀምጡና ደጋግማችሁ ናጡት። ሳይናጥ ከፈሰሰ ቀጭኑ ፈሳሽ ቀድሞ ወጥቶ ዋናው ሰም ታች ይቀራል።

አቀባቡ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው ውፍረት ላይ ነው። ዓይን ለማየት እስኪቸገር ድረስ ስስ ይሁን። ኮፈኑን ቀቡ፣ በጣት ሲነካ የማይጎተት ሲሆን ጥረጉ፣ ከዚያ ወደ በሩ ሂዱ። መኪናውን ሙሉ ቀብቶ ሊጠርግ የሚመለስ ሰው ክንዱ እስኪዝል ይፋለማል፤ 845 ወፍሮ ከደረቀ አይለቅም። በዝናብ ሰሞን እርጥበቱ ማድረቁን ያዘገየዋል፣ በበጋ ቶሎ ይደርቃል። ሁለተኛው ስስ ሽፋን በማግስቱ ይደረብ። በሁለቱ መካከል መኪናው ጣሪያ ሥር ይደር፤ የሌሊት ጤዛና ውርጭ ገና ያልጠነከረ ሰም ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ፋናዎቹንና የጎን መስታወቶችን መቀባት ይቻላል፤ የፊት መስታወት ላይ ግን መጥረጊያው እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል።

ጊዜው ሁለት ነው። አንደኛው ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ሳይገባ። ሁለተኛው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ውርጩ ሳይጀምር፤ በዚህኛው ፖሊሽ አያስፈልግም፣ ታጥቦ ዋክሱ ይደረባል። ውሃ ጣል ሲደረግበት ተንከባሎ የማይወርድ፣ ተዘርግቶ የሚቀር ከሆነ ዋክሱ አልቋል። በላርጎ ወይም በኦሞ የሚታጠብ መኪና ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ ከሥር ናፍታ የሚረጭበት ላቫጆ ከሆነም የታችኛው ክፍል ሰም ወዲያው ይሟሟል፣ አቧራም ይጣበቅበታል።

ውርጭ በነጋ ጊዜ ኮፈኑን በጋቢ ጫፍ ወይም በእጅጌ አትጥረጉ፤ ከውርጩ ሥር የትናንት አቧራ አለ። ፀሐይ ያቅልጠው። የፊት መስታወት ላይ ትኩስ ውሃ መድፋትም መስታወቱን ይሰነጥቃል። ማጠቢያው ከረፋዱ 4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ይሁን፤ ማታ የታጠበ መኪና ጠዋት የበሩ ጎማ ይጣበቃል። ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ሻምፑ፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ፤ የማጠቢያው ጓንት ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለቸርኬ የራሱ ብሩሽ አለው። ጭቃው ከመነካቱ በፊት በውሃ ግፊት ይራገፋል። ላቫጆም ብትሄዱ የራሳችሁን ጓንትና ማድረቂያ ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ፤ አጣቢው ቅር ቢለው ጉርሻው ይክሰዋል።

በዋክስ ፈንታ የሚቀባው ጠንካራ ሽፋን፣ ሴራሚክ፣ ይሻላል ወይ ለሚል፦ ዕድሜው ይረዝማል፣ ግን ሲቀባ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ መውረድ የለበትም፣ ለመጀመሪያው ሌሊት ደረቅ ዝግ ቤት ይፈልጋል፣ ለአንድ ሳምንት ገደማም አይታጠብም። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ችግር አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክፍት ግቢ ውስጥ የሚያድር መኪና ከሆነ 845 ላይ ቆዩ።