ደሴ ቤቱ ለበረደው ሁሉ፣ አንድ ጎበዝ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም ደሴዎች። ይሄን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቤታችን ጦሳ ተራራ ስር ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ። ከህዳር እስከ ጥር ያለውን ውርጭ እዚህ የኖረ ያውቀዋል፤ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ስትመጣ ጋቢ ሳትደርብ አትቀመጥም። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ባለ 2000 ዋቱን ማሞቂያ ከምሽቱ 12 እስከ 5 ሰዓት አናጠፋውም ነበር። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየጊዜው ሲጨምር ግን አቃተን። ከሰል ሞከርን። እሱም አይቀመስም፣ በዚያ ላይ ጠዋት ሁላችንንም ራሳችንን ያመን ጀመር።

ታህሳስ ላይ ሶኬታችን ቀለጠና ይሄን ልጅ ጠራሁት። ሶኬቱን ቀይሮ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አሰላልኝ፦ በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 300፤ ፍጆታ ሲበዛ ደግሞ የአንዱም ዋጋ አብሮ ይወደዳል። ከዚያ «እናቴ፣ እጣን አይጠፋም?» አላት። ማጨሻውን ይዞ በሩ ስር ሲያስጠጋው ጭሱ ተጣሞ ወደ ውስጥ ገባ። ወንበር ላይ ወጥቶ ኮርኒሱ ጥግ ሲይዘው ደግሞ ሽው ብሎ ወደ ላይ ተሳበ። «ሙቀታችሁ በዚህ ነው የሚሄደው» አለን። ስንት ዓመት ስንኖርበት አላየነውም።

የእንጨት ስራም ይችላል። በሁለት ቀን የግድግዳውን ስንጥቅ በጭድና በጭቃ መረገው፣ በሩ ስር ጎማ መታበት፣ የመስኮቱን ጠርዝ ስፖንጅ አለበሰው፣ የተቀደደውን ኮርኒስ በቺፑድ ቀየረው። የተረፈውን ቺፑድ እንኳን ሱቅ መልሶ ብሩን አመጣልኝ።

ሲሄድ እናቴን አስምሏት ነው የሄደ። ቤቱ አሁን ስለተደፈነ ከሰል ውስጥ እንዳታስገባ፣ ለቡና ካቀጣጠለችም በረንዳ ላይ ብቻ። የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ተኝቶ ያለ ሰው ሳያውቀው ይገድላል አላት። ያ ሁሉ ራስ ምታት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ፣ ደነገጥኩ።

አሁን ማሞቂያውን ማታ 1 ሰዓት ከፍተን 2 ሰዓት ላይ እናጠፋዋለን። እናቴ ያለ ካልሲ ትተኛለች።

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልን፣ እጅህ ይባረክ። ደሴም ኮምቦልቻም ይሰራል። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።