«ከፓሪስ ሙዚየም የመጣ» የተባለውን የኦት ኩቱር ትርኢት ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ደሴ ውስጥ የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ስሆን፣ ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ሠልጣኞቼን ይዤ የገባሁበት ትርኢት ቀጥሎ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ወልድያ እንደሚዛወር በመነገሩ ነው። በእነዚህ ከተሞች ያላችሁ ወገኖቼ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ብታነቡልኝ እወዳለሁ።

ማስታወቂያው በፓሪስ ሙዚየም ተቀምጠው የነበሩ እውነተኛ የኦት ኩቱር ልብሶች፣ ማለትም ለአንድ ደንበኛ በልኩ፣ አብዛኛው በእጅ የተሰፉ የፈረንሳይ ልብሶች፣ እንደሚታዩ ይናገራል። መግቢያው 400 ብር ሲሆን፣ የባለሙያ ገለጻና የታተመ መጽሔት የሚጨመርበት ደግሞ 900 ብር ነው። እኔ ለዐሥራችንም 9,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። ገንዘቡ የገባው በድርጅት ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስልክ ቁጥር ነበር፤ ያን ጊዜ ቆም ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ከሠልጣኞቼ ሁለቱ ከኩታበር፣ አንዷ ከሐይቅ የትራንስፖርት ከፍለው የመጡ በመሆናቸው የደረሰብን ኪሳራ ከቲኬቱም ያልፋል።

ልጆቹን ለመውሰድ የጓጓሁበት ምክንያት ነበረኝ። ኦት ኩቱር የሚለው ስም በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ፓሪስ ውስጥ የራሱ የስፌት ክፍል የሌለው፣ ለደንበኛው በልኩ እየለካ የማይሰፋ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ሥራ የማያቀርብ ቤት በዚህ ስም ሊጠራ አይፈቀድለትም። ከስፌቱ የሚበዛው በእጅ የሚሠራ በመሆኑ አንድ ቀሚስ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሠልጣኞቼ የእንዲህ ዓይነቱን ልብስ ገበር አጣጣልና የጠርዝ አጨራረስ በዓይናቸው ቢያዩ፣ እኔ በወር የማስተምራቸውን በአንድ ቀን ይረዱት ነበር።

ያገኘነው ግን በኪራይ አዳራሽ ውስጥ የቆሙ ዐሥራ አራት ቀሚሶችን ነው። ከፊት ለፊት ሲታዩ ያምራሉ። ጠጋ ብለን ስንመለከት ግን የውስጥ ጠርዛቸው በሙሉ በኦቨርሎክ መኪና የተዘመዘመ፣ ዶቃቸው ከመሰፋት ይልቅ በሙጫ የተለጠፈ ነበር፤ ሦስቱ ቀሚሶች ላይ የቬሎ አከራዮች የሚሰፉትን የመሰለ ባለ ቁጥር ቁራጭ ጨርቅ ወገባቸው ሥር አየን። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ «ክርስቲያን ዲዮር፣ 1947» የሚል ጽሑፍ የተቀመጠለት ቀሚስ ነው። ፈረንሳዊው የልብስ ነዳፊ ዲዮር እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1947 የመጀመሪያ ሥራዎቹን ለሕዝብ ማቅረቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ቀሚስ ገበር ላይ «100 ፐርሰንት ፖሊስተር» የሚል የፋብሪካ ምልክት ተሰፍቶበት አግኝተናል። ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ለልብስ ገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ይህን ለገላጩ ወጣት ሳሳየው «እትዬ፣ እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው» አለኝ፤ በእርሱ አልፈርድም። ቃል የተገባልን መጽሔትም ከኢንተርኔት የወጡ ፎቶዎች የታተሙባቸው አራት ገጾች ሆኖ ተገኘ።

አያያዙም ቢሆን የሙዚየም አልነበረም። ሙዚየሞች ብርሃን የጨርቅን ቀለምና ክር ስለሚጎዳ፣ አሮጌ ልብስ ያለበትን ክፍል ወደ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) በሚጠጋ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ያሳያሉ፤ በእጅ መንካትም ይከለክላሉ። እዚህ የቀትር ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ቀሚሶቹ ላይ ያርፍ ነበር፤ 100 ብር ለጨመረ ሰው ደግሞ ቀሚሱን አልብሰው ፎቶ ያነሱታል። የሙዚየም ንብረት የሆነን ልብስ ለጎብኚ የሚያለብስ አካል ይኖራል ብዬ አላምንም።

የወሎ ሰው የሙዚየም ልብስ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚኖረው ከማንም በላይ ሊያውቅ የሚገባው ይመስለኛል። የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደሆነ የሚነገርለት ቀሚስ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላችን ተዘርፎ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። አወሳሰዱ ምንጊዜም የሚያንገበግበን ቢሆንም፣ የማን እንደነበረ፣ ከየትና መቼ እንደተወሰደ በመዝገብ ሰፍሮ ለሕዝብ ይነገራል። በዚህ ትርኢት ግን ቀሚሶቹን ማን እንደሰፋቸው፣ ለማን እንደተሰፉ፣ የትኛው ሙዚየም በምን ውል እንዳዋሳቸው የሚገልጽ አንድ ወረቀት እንዲያሳዩኝ ብጠይቅ «የድርጅቱ ምስጢር ነው» ተባልኩ። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአዋሹን ሙዚየም ስም ጠይቁ፤ ስሙ ከተነገራችሁም ራሱ ሙዚየሙ በድረ ገጹ ወይም በጽሑፍ ማረጋገጡን ሳታዩ አትክፈሉ። ልብሶቹ ቅጂዎች ናቸው ተብሎ በግልጽ ቢነገረንና ዋጋው በዚያው ልክ ቢሆን ኖሮ እኔም ልጆቹን በደስታ እወስዳቸው ነበር፤ ቅጂ ማሳየት ነውር የለበትም።

ገንዘባችን እንዲመለስ ስንጠይቅ «የተከፈለ አይመለስም» የሚል ወረቀት አሳዩን፤ ወረቀቱ የተለጠፈው ከፍለን ካለፍነው በር በስተውስጥ ነበር። ደረሰኝም አልሰጡንም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ስላለው፣ የማስታወቂያውን ፎቶ፣ የቴሌብር መልእክቱንና የገበሩን ምስል አያይዤ ለከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ደሴ ውስጥ ከፍላችሁ የገባችሁ ሰዎች የክፍያ መልእክቱን ከስልካችሁ አታጥፉ፤ የቲኬቱን ቁራጭም ጠብቁና አቤቱታችሁን ሳትዘገዩ አቅርቡ፤ አዳራሹ የተከራየው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው።