ኦካምል፣ ሃስክል፣ ኪው ወይስ ክሎጀር፦ የፋይናንስ ድርጅት የቱን ይምረጥ?

የፋይናንስ ድርጅት ጃቫንና ፓይተንን ትቶ እንደ ኦካምል፣ ሃስክል፣ ኪውና ክሎጀር ባለሙያቸው ጥቂት ወደሆነ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የሚሄደው አንድም የኮድ ስህተት ገንዘብ ይዞ ከመሄዱ በፊት እንዲያዝለት፣ አንድም በተለመዱት ቋንቋዎች የሚንዛዛ ስሌት እንዲያጥርለት ነው። ስለዚህ መራጩ አስቀድሞ ትልቁ ችግሩ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

ችግሩ ስህተት ከሆነ ፉክክሩ በኦካምልና በሃስክል መካከል ነው። የኒውዮርኩ የግብይት ድርጅት ጄን ስትሪት የግብይት ሥርዓቱን የገነባው በኦካምል ሲሆን፣ ስታንዳርድ ቻርተርድ ባንክ «ሙ» በተባለ የራሱ የሃስክል ዘዬ ይሠራል። «ግዛ» እና «ሽጥ» ተብለው በተዘረዘሩ የትዕዛዝ ዓይነቶች ላይ «ሰርዝ» የሚል ሦስተኛ ሲጨመር፣ ፕሮግራመሩ ቀድሞ «ሌላው ሁሉ» ብሎ በጅምላ ካላለፈው በቀር፣ የኦካምል ኮምፓይለር (የተጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አዲሱ ዓይነት የተዘነጋበትን ቦታ ሁሉ ከነመስመር ቁጥሩ ያሳያል፤ በሃስክል ግን ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲበራ መታዘዝ አለበት። ሃስክል ስሌቱን ውጤቱ እስኪፈለግ ድረስ ስለሚያቆየው የሚፈጀውን ሜሞሪ አስቀድሞ መገመት ይከብዳል፤ በዚህ ምክንያት እኔ ኦካምልን አስቀድማለሁ። ሆኖም ከኮምፓይለር ተአምር አይጠበቅም፦ የአሜሪካው የአክሲዮን ግብይት ድርጅት ናይት ካፒታል በ2012 እ.ኤ.አ. በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከሰረው አዲሱ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን በመቅረቱ ነበር፤ ይህን የትኛውም ቋንቋ አያስቀረውም።

ችግሩ የገበያ ዋጋ ዳታ ብዛት ከሆነ ኪው ተወዳዳሪ የለውም ማለት ይቻላል። ኬዲቢ ፕላስ ከተባለው ዳታቤዝ ጋር ተዋህዶ ስለሚሠራ፣ እያንዳንዱ ግብይት ሲፈጸም የነበረውን ዋጋ ፈልጎ ማጣመር በእርሱ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ነገር ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚያሰላ 2*3+4 በኪው 10 ሳይሆን 14 ነው፤ ለንግድ የሚሆነው የኬዲቢ ፕላስ ፈቃድም በክፍያ ነው።

የብራዚሉ ኑባንክ የመረጠው ክሎጀር በጃቫ ማሽን (የጃቫ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላይ ስለሚሠራ የጃቫ ቡድን ላለው ድርጅት ቅርቡ እርሱ ነው፤ አብሮት የሚያገለግለው ዳቶሚክ የተባለው ዳታቤዝም የቀድሞውን መረጃ ሳይሰርዝ አዲሱን ስለሚጨምር፣ የአንድ ሒሳብ ሁኔታ ባለፈው ወር ምን እንደነበር ለመመርመር ያመቻል። በአንጻሩ የዳታ ዓይነት ስህተት የሚገለጠው ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው።

የሰው ኃይልን በተመለከተ ጄን ስትሪት ኦካምልን የማያውቁ ሰዎችን ቀጥሮ ራሱ ያስተምራል። ይህን ለማድረግ አቅም የሌለውና ሁለት ባለሙያዎች ቢለቁበት ሥርዓቱን የሚያነብ ሰው የሚያጣ ድርጅት በጃቫ ቢቆይ ይሻለዋል።