ከስታዲየም ዙሪያ የተገዛ ያገለገለ የጎልፍ ዱላ
በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች በአንዱ ያገኘሁት ያገለገለ ድራይቨር (ኳስን ከመነሻው አርቆ ለመምታት የሚያገለግል የጎልፍ ዱላ)፣ ኳሱን የሚመታው የጭንቅላቱ መጠን የጎልፍ ሕግ እስከሚፈቅደው የመጨረሻ ወሰን፣ ማለትም እስከ 460 ሳንቲ ሜትር ኩብ የደረሰ፣ የፊቱ ዝንባሌም 10.5 ዲግሪ የሆነ ነው። ሰፊው ፊት ኳሱ ከመሃል ሳት ብሎ ሲመታ እንኳ የሚባክነውን ርቀት ስለሚቀንስ፣ ለጀማሪ ከውድ ኳስ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ቀጭኑ የብረት ፊት በምቱ ቅጽበት በጥቂቱ ገባ ብሎ ተመልሶ ስለሚገፋ ኳሱ ፍጥነት ያገኛል።

ቅሬታዬ በዘንጉ ላይ ነው። ሻጩ «ጠንካራ ዘንግ ሩቅ ይመታል» ቢለኝም፣ እንዲህ ያለው እምብዛም የማይታጠፍ ዘንግ የሚስማማው ዱላውን በከፍተኛ ፍጥነት ለሚሰነዝር ተጫዋች ነው፤ እኔን ለመሰለ ዝግተኛ ሰው ለስለስ ያለው ይሻላል። መደብሩ መሞከሪያ ቦታም የለውም። በዚያ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማችን ስሱ አየር ኳሱን አርቆ ስለሚወስድ፣ የተገኘውን ርቀት ሁሉ የዱላው ውጤት አድርጎ መቁጠር አይገባም። ዋጋው ከአዲሱ በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ፣ ያለቀውን የመያዣ ላስቲክ ለማስቀየር ለተዘጋጀ ሰው እመክረዋለሁ።